የስኳር አደይ

የዘመን መለወጫ በቀረበ ጊዜ ሴቶች ልጆች ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው ‹‹አበባየሆሽ›› እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ እንደሚዞሩ፣ ወንዶቹም በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ ለጎረቤት እንደሚያበረክቱ አንባቢ ያውቀዋል፡፡ እኔም በልጅነቴ እዚሁ ሽንዲ ላይ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ እናቴ ምስክር ናት፡፡ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ፣ ከመዝገብና ከደብዳቤ በቀር በእጄ የሠራሁት ነገር ስለሌለ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቴ እንደ ገና አበባ ሠሪ እሆናለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር፡፡

ነገሩ የመጣው ከሴት ልጄ ነው፡፡ ባሕር ዳር ከአክስቷ ዘንድ በሰነበተች ጊዜ፣ በአንድ ኬክ ቤት መስኮት ውስጥ በትንንሽ ኬኮች ራስ ላይ የተተከሉ የስኳር ጽጌረዳዎች አይታ ኖሮ፣ የ2016 ዓ.ም. ክረምት ሊወጣ ሲል ትዝ አላትና ‹‹አባዬ፣ ጽጌረዳ ብቻ ለምን ሆነ? የስኳር አደይ የለም ወይ?›› ብላ ጠየቀችኝ፡፡ መልስ ስላጣሁ ‹‹ለእንቁጣጣሽ እኔው እሠራልሻለሁ›› አልኋት፡፡ ለልጅ የተገባ ቃል እንደ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ‹‹በመታየት ላይ ነው›› ተብሎ የሚያድር አይደለም፡፡ በዚያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ እንደ ልብ ስላልነበረ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም አንድ ነገር አስመጥቼ ልደልላት እንኳ አልቻልሁም፡፡

ጳጉሜን 3 ቀን እሑድ ነበር፡፡ የሰፈሩ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡ እኔ ማጀት ገብቼ ስኳር እወቅጥ ነበር፡፡ ስኳሩ እንደ ዱቄት ልሞ በሻሽ መነፋት አለበት፡፡ የፊተኛው የተወቀጠበት ሙቀጫ የቡና ስለ ነበረ አበባዬ ቡና ቡና ሸተተና ጣልሁት፡፡ ኋላ የእንቁላል ነጭ መትቼ፣ ሎሚ ጠብ አድርጌበት፣ ስኳሩን እየጨመርሁ አለዘብሁት፤ ቢጫውን የሰጠኝ ጥቂት እርድ ነው፡፡ ከጓሮ አንዲት አደይ ቀጥፌ በፊቴ አቆምሁና ቅጠሎቿን ብቈጥር ስምንት ሆኑ፡፡ የዕፀዋት ሊቃውንት እንደሚሉት፣ እኛ አንድ ቅጠል የምንለው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ በመካከል ተጨናንቀው የሚታዩትም እንዲሁ፡፡ ስለዚህ አንዲት አደይ የምንላት ብዙ አበባ የተሰበሰበባት ናት፤ ኑግም የቅርብ ዘመዷ ነው፡፡ ይህን ማወቄ ለእጄ ምንም አልረዳውም፡፡ የመጀመሪያዎቹ የዶሮ እግር መሰሉ፡፡ እስኪመሽ ግን ዐርባ ያህል አበጀሁና በሰፌድ ላይ ደርድሬ ከምድጃው አጠገብ አኖርኋቸው፡፡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ በዚህ ሁኔታ ስላገኘኝ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም፡፡ ወንድ ማጀት ገብቶ መታየቱ በእኛ ዘንድ ገና እንደ ነውር ይቈጠራል፤ እኔም ዐፈርሁ ብል አልዋሸሁም፡፡

ማታ እናቴ ወደ ሰፌዱ ቀረበች፡፡ ዐይኗ ስለ ደከመ በጣቷ ዳሰሰቻቸውና ‹‹ምን ገባበት?›› አለችኝ፡፡ ነገርኋት፡፡ ‹‹መስከረም አንድ ምን ቀን ይውላል?›› ብላ ጠየቀችኝ፡፡ ያን ጊዜ ነው ልቤ የተመለሰ፤ የ2017 ዓ.ም. መባቻ የሚውለው ረቡዕ ነበርና፡፡ እንቁጣጣሽ ደግሞ እንደ ገናና እንደ ጥምቀት ረቡዕን አያስፈስክም፡፡

‹‹እምዬ፣ ልጅ ናት እኮ›› አልሁ፡፡

‹‹ሰባት ዓመት ሞላት፡፡ ጾም በጀመረችበት ዓመት የሚያስገድፋት አባቷ ይሁን?›› አለችኝ፡፡

ተቈጣሁ፤ እራቴንም ሳልበላ ተኛሁ፡፡ በአንድ በኩል ለልጄ የገባሁት ቃል፣ በሌላ በኩል እናቴ አለች፡፡ ልጅቱም ሁሉን ሰምታ ኖሮ ቃል ሳትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፡፡

በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ከሣጥኗ አንዲት የቆዳ ከረጢት አውጥታ በጕልበቴ ላይ አስቀመጠች፡፡ ‹‹አባትህ ቀለሙን በምን ያጸኑት ነበር?›› አለች፡፡ አባቴ ቁም ጸሓፊ ነበሩ፡፡ ጥቍሩን ቀለም ከጥቀርሻ ሲያበጁ፣ ከብራናው ላይ እንዳይረግፍ የግራር ሙጫ ይጨምሩበት ነበር፡፡ ካረፉ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበርና፣ ከረጢቲቱ ከዚያ ወዲህ አልተፈታችም፡፡ ብፈታት እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ ማር የመሰለ ሙጫና ጫፉ ያለቀ የመቃ ብርዕ አገኘሁ፡፡ ‹‹ይህንስ አልነካውም›› አልኋት፡፡ ‹‹አንተ እንደ ሆነ አልጻፍህበት፤ ለእርሷ ይሁናት›› ብላ ወጣች፡፡ እኔ የአባቴን ብርዕ ትቼ ወደ አስኳላ ስሄድ ቤታችን ውስጥ የተነገረውን ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል አስታወሰችኝ፡፡

ለመሆኑ ሙጫና ስኳር መገናኘታቸው የእኛ ቤት ፈጠራ አይደለም፡፡ በአውሮፓ ነገሥታት ግብር ላይ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስኳርን በሙጫ እያቦኩ አበባና ግንብ ያበጁ ነበር፡፡ በ1582 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የቱርኩ ሱልጣን ልጁን ባስገረዘበት በዓል ደግሞ፣ ከስኳር የተሠሩ አራዊት በኢስታንቡል አደባባይ በሰልፍ አልፈዋል፡፡ የግራር ሙጫችንም ከቆላው አገር ወደ ውጭ ይላካል፤ በባዕድ አገር ከረሜላ ውስጥም ይገባል፡፡ ስኳሩ ግን ለእኛ እንግዳ ነው፡፡ ወንጂ ላይ የሆላንድ ኩባንያ ፋብሪካ አቁሞ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ከዓባይ ማዶ ፊንጫ ይመረታል፡፡ ጎጃም ከዚያ በፊት ማር ነበረው፤ በማር ግን አበባ አይሠራም፡፡

ሙጫውን ሰብሬ በለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፍሁትና በሻሽ አጠለልሁት፡፡ ከሎሚና ከስኳር ጋር ሳሸው እንደ ሊጥ ሆነ፤ ቶሎ ስለሚደርቅ እርጥብ ጨርቅ አለበስሁት፡፡ በጠርሙስ ዳምጬ፣ በፈላ ውሃ ባጠብሁት የእስክሪብቶ ክዳን ቅጠሉን ቈረጥሁ፤ ጐበጥ እንዲልም በማንኪያ ሆድ አደረቅሁት፡፡ ከእንቁላሉ ይልቅ ስስና ቀጥ ያለ ወጣልኝ፡፡ ነገር ግን ስኳር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የጳጉሜንም ሰማይ ገና አልጠራም፡፡ ማክሰኞ ጧት ብዙዎቹ አልቅሰው ተገኙ፡፡ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ ያተረፍሁት ሃያ ሦስት ነው፡፡

ኬኩም እንቁላልና ቅቤ ስለሚፈልግ ተወ፡፡ እናቴ ድፎውን በኮባ ከደፋች በኋላ፣ የቡሄ ሙልሙል የሚያህሉ ትንንሽ ዳቦዎች አስጋገረችና በየራሳቸው ላይ አንዳንድ አደይ ተከልንባቸው፡፡ ልጆቹ እየዘፈኑ በመጡ ጊዜ ልጄ በደጃፍ ቆማ ለያንዳንዷ አደለች፡፡ አንዲቱ ዳቦውን በልታ አበባውን በጠጕሯ ውስጥ ሰካችው፡፡ እናቴ የደረሳትን በጣቷ ስትቈጥር ቆይታ ‹‹ይህችስ ሰባት ናት›› አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ አንዱ ቅጠል ረግፎ ነበር፡፡

የእንቁላሎቹን ሐሙስ ዕለት ቢሮ ወስጄ፣ የሳቀብኝ ባልደረባዬ ብቻውን ዘጠኝ በላ፡፡ የአባቴ ሙጫ በዚያው አለቀ፡፡ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ አንድ ነጋዴ ጥቂት እንዲያመጣልኝ ለምኜዋለሁ፡፡ ከረጢቲቱን ግን እናቴ ብርዑን መልሳ ከታበት ወደ ሣጥኗ አገባቻት፡፡