ስለ ጥርስ ሕመምና ከሣጥን ስለሚወጣ መድኀኒት



በቦንጋ ከተማ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያዝን መሆኑ የታወቀ ነው። ቡና ሲፈላ እንጠራራለን፤ ለቅሶም ሲሆን አብረን እንቀመጣለን። ይህ ደግነት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን መድኀኒት በመሰጣጣት ጊዜ ጉዳት እንዳለበት ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅቴን ጥርሷን አመማት። አንዲት ጎረቤትም አዝና ከሣጥኗ የተረፈ ስድስት ፍሬ አሞክሲሲሊን ሰጠቻት። ሕመሙ በሁለት ቀን በረደላት፤ ስለዚህ ሦስቱን ውጣ ሦስቱን ለሌላ ሕመምተኛ ብላ አስቀመጠች። ወር ሳይሞላ መንጋጋዋ አበጠ፤ ትኩሳት ያዛት፤ ምራቅ መዋጥም ተሳናት። ሐኪሙ ጥርሱን ነቅሎ መግሉን አፈሰሰ፤ ሌላ መድኀኒትም አዝዞላት ዳነች። እንዲህ ያለው እብጠት ወደ አንገት ሲወርድ ትንፋሽ ዘግቶ እንደሚገድል ነገረን።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ነገሩ እንደ ሥራዬ ሆኖ ታየኝ። የሕመም መብረድ ቀጠሮ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ተከሳሹ ጀርም በሞተው ጥርስ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ በዚያም ደም ስለማይዘዋወር መድኀኒቱ አይደርስበትም። በአፋችንና በሰውነታችን ካሉት ጀርሞች ደግሞ ደካሞቹ ሲሞቱ ብርቱዎቹ ተርፈው ይራባሉ። አንዳንዶቹም ፔኒሲሊንንና አሞክሲሲሊንን የሚያፈርስ ነገር ያመነጫሉ፤ ይህንንም ችሎታ ለሌሎች ጀርሞች ያወርሳሉ።

ይህ ነገር አስቀድሞ የተነገረ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 ዓ.ም. ስለ ኖቤል ሽልማቱ ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። ይኸውም ባል ጉሮሮውን ታሞ መድኀኒቱን ከሚበቃው በታች ወሰደ፤ መድኀኒቱን የተላመደውን ጀርም ለሚስቱ አስተላለፈ፤ እርሷም በዚያው መድኀኒት ብትታከም ሳትድን ሞተች የሚል ነው። በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኀኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ስለዚህ ጥርስ ሲታመም አስቀድሞ የጥርስ ሐኪም ይፈለግ። ጥርሱ ተከፍቶ ቢጸዳ ወይም ቢነቀል ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። እብጠቱ ሲሰፋ ወይም ትኩሳት ሲመጣ ግን ሐኪሙ ያዘዘው መድኀኒት በታዘዘው መጠንና ቀን ይወሰድ። ጎረቤቱን መርዳት የሚወድ ሰውም ከሣጥኑ መድኀኒት በማውጣት ፈንታ እስከ ሐኪም ቤት ደጅ ይሸኘው።