የመንዝ ሸማኔና የአውሮፕላን ልብስ

ባለፈው የጥር ወር ለዘመድ ተዝካር ወደ መንዝ ስንወጣ፣ ከጣርማ በር ዋናውን መንገድ ትተን በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በተጓዝን ጊዜ፣ በጉልበታችን ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን ይዘን ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ከቀጭን እንጨት የሠራው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ልጁ ግን ከኋላችን ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገረን ተጓዘ። የዝምታውን ምክንያት አንባቢ ይረዳልን ዘንድ ነገሩን ከመነሻው እንናገራለን።

አውሮፕላኑ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው የፖቴዝ 25 አምሳል ነው። የእውነተኛው የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ነበረ፤ ልጁ ለ72 አካፍሎ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አወረደው። የዚያ ዘመን አውሮፕላን ክንፉ በጨርቅ የተለበጠ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ሳንጠይቀው የወረቀቱን ልባስ ገፈን የነጠላ ቁራጭ አለበስነው፤ ስፌቱንም በገዛ እጃችን ሰፋን። ሥራችን የፍርድ መዝገብ መገልበጥ ነውና፣ በጨርቅ ፈንታ ጨርቅ ማኖር ትክክለኛ ግልባጭ መስሎን ነበር። ልጁ ባየው ጊዜ አለቀሰ።

የመንዝን ብርድ ያላየ ሰው የበጉን ጠጉር ዋጋ አያውቅም። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎቹም ዝተትና በርኖስ ያደርጉታል። ባረፍንበት ቤት አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ እሳት ለመሞቅ ገብተው ሣጥኑን ከፍተን ብናሳያቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፦

«ጌታው፣ ይህ አሞራ ጋቢ ደርቧል» አሉን።

በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ልጃችንም ሳቀ። ሽማግሌው ግን የለበሱትን በርኖስ ወደ መብራቱ ዘርግተው ድሩንና ማጉን ፈልጉ አሉን። ብንፈልግ አላገኘነውም። በርኖስ ከተሸመነ በኋላ በውሃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፤ ጠጉሩ ተያይዞ ይጠብቃል፤ ክሩም ይጠፋል። ለዓይን የሚቀረው አንዱ ፈርጅ ከሌላው የተጋጠመበት ስፌት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ እርሳስ አውጥተን ሒሳቡን አሰብን። የነጠላው ክር ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ በ72 ሲባዛ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእውነተኛው ክንፍ ላይ መጫኛ የሚያህል ክር ሸምነንበት ኖሯል! የአውሮፕላኑም ልብስ ነገሩ እንደ በርኖሱ ነበረ። ከተልባ ቃጫ የተሠራው ጨርቅ በክንፉ የጎድን አጥንቶች ላይ ተወጥሮ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል፤ በስፌቱ ላይ ጠባብ ጥብጣብ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሲደርቅ የሚያጠብቅ ቫርኒሽ ደጋግሞ ይቀባል። ድርና ማጉ በቀለሙ ሥር ይሰወራል፤ የሚታየው የአጥንቱ ጉብታና የጥብጣቡ መስመር ነው። ብዙዎች አምሳሉን ሲሠሩ በአጥንትና በአጥንት መካከል ጨርቁን እንደ ተራበ በሬ ጎን ያጎደጉዱታል፤ ይህም ስሕተት ነው፤ እውነተኛው እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበረና።

በዚያው ሌሊት ነጠላውን ገፈፍነው። ልጁ ስስ ወረቀት አለበሰው፤ ከሲጋራ ወረቀትም እንደ ክር የቀጠኑ ቁራጮች ቆርጦ፣ ከመለጠፉ በፊት ከጀርባቸው በመርፌ ጫፍ እየነካ የስፌቱን ነጥብ አወጣባቸው። የእውነተኛው ስፌት ርቀት አንድ ጋት ቢሆን፣ ለ72 ሲካፈል ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ የእኛ ዓይን አልደረሰበትም። መቀሱን ብናነሣ ልጁ በቀስታ ከእጃችን ወሰደው።

«አባባ፣ መብራቱን ብቻ ዝቅ ያድርጉልኝ» አለን።

ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት የመጀመሪያው አጥንት ጥላ ጣለ። ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ መብራቱን ይዘን ቆየን።