ከልጅ ኋላ መሄድ

የምኖረው ስቶክሆልም፣ በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። መተዳደሪያዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ድረስ ግን ረቡዕ ረቡዕ ማታ ያለ ክፍያ የምሠራው ሌላ ሥራ አለኝ። ከሰፈራችን አጠገብ ባለው ጫካ ጫፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ካርታ ይዘው የገቡ ልጆችና አዋቂዎች በሙሉ መመለሳቸውን እመዘግባለሁ።

ስፖርቱ ኦሪየንቴሪንግ ይባላል። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ በስልክ ሳስረዳ “ሩጫ ነው ወይስ ፈተና?” ይሉኛል። ሁለቱም ነው። ተወዳዳሪው ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ ይገባል። ካርታው ላይ በቁጥር የተመለከቱ ቦታዎች አሉ፤ በየቦታው ጎኗ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነች ነጭና ብርቱካናማ የጨርቅ ምልክት ተሰቅላለች። ሁሉንም በቅደም ተከተል አግኝቶ ፈጥኖ የተመለሰ ያሸንፋል። በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ግን የሚነግረው የለም።

ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 ኖርዌይ ውስጥ ነው የተካሄደው። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ኤርንስት ኪላንደር የተባለ የጦር መኮንንና የስካውት መሪ፣ በ1919 ከስቶክሆልም አጠገብ ባለው የናካ ጫካ 220 ሯጮችን አሰልፎ ስፖርቱን አስፋፋው። ዛሬ የስዊድን ልጆች በትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ካርታና ኮምፓስ ይማራሉ።

የእኛ ክለብ ትንሽ ነው። ሥራ የሚሠራው ሰው ከ20 አይበልጥም፤ አብዛኞቹም ጡረተኞች ናቸው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው” የሚለው ተረታችን እዚህ በደንብ ይሠራል። አንዱ መስመሩን ካርታው ላይ ይነድፋል። ሌላዋ የመሬቱን ባለቤት ታነጋግራለች፤ በስዊድን ማንም ሰው በሰው ጫካ ውስጥ እንኳ መንሸራሸር ይፈቀድለታል፣ ውድድር ሲዘጋጅ ግን ባለቤቱን ማነጋገር ወጉ ነው። አንዱ ምልክቶቹን በጀርባው ተሸክሞ ሄዶ ይሰቅላል። ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እያንዳንዷ በትክክለኛው ቦታ መሰቀሏን ያረጋግጣል። ይሄ የመጨረሻው ሥራ ድርብ ድካም ይመስላል፤ ግን አይቀርም። ምልክቷ ካርታው ካሳየው ቦታ 20 ሜትር ራቅ ብላ ከተሰቀለች፣ ትክክል የሄደ ልጅ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል።

የልጆች መስመር ሲነደፍ ደግሞ አንድ መመሪያ አለ። ከአንዱ ምልክት እስከሚቀጥለው ድረስ ልጁ ከአንድ በላይ ውሳኔ እንዲወስን አይደረግም። መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይቆማል። ልጁ እዚያ ቆሞ ካርታውን ያያል፣ አንዱን መንገድ ይመርጣል፣ ይሄዳል። ቢሳሳት እንኳ ብዙ ሳይርቅ አስፋልት ወይም ወንዝ እንዲያስቆመው ተደርጎ ቦታው ይመረጣል። ዓመት በዓመት ውሳኔው ይጨምራል፣ መንገዱ ይቀንሳል። በ16 ዓመቱ መንገድ በሌለበት ጫካ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ይሮጣል።

አዲስ ጀማሪ ልጅን ተከትሎ የሚሄደውን አዋቂ ስዊድኖቹ “ጥላ” ይሉታል። ጥላ አይመራም፣ አይጠቁምም፣ ቀድሞ አይሄድም። ልጁ መንገዱ ሲጠፋበት “እርግጠኛ የነበርክበት የመጨረሻ ቦታ የት ነው?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ግን አይነግርም። ለእኔ ለሐበሻ አባት ይሄ ቀላል አልነበረም። ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ጥላው ሆኜ ስሄድ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ወደ ተሳሳተው መንገድ ገባ። ዝም ብዬ ተከተልኩት። መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመና ካርታውን አየ፤ “አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ጅረት መኖር ነበረበት” አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ዞሮ ተመለሰ። ያን ቀን ምንም አላስተማርኩትም፤ እሱ ግን ተማረ።

ባለፈው መስከረም እናቴ ከኢትዮጵያ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። እናቴ ያደገችው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር በግ እየጠበቀች ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ጫካው ውስጥ ሲጠፉ አየችና “እዚህ አገር ጅብ የለም እንዴ?” አለችኝ። “ጅብ የለም እማዬ፤ መዥገር ግን አለ” አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከጫካ የተመለሰ ልጅ ሁሉ ማታ ሰውነቱ ይፈተሻል። እሷም ቁጭ ብላ ማየት አልሆንላት ብሎ፣ ለሚመለሱ ልጆች ቀረፋ ያለበት ዳቦና ጭማቂ ማደል ጀመረች።

የዚያን ቀን 23 ልጆች ገብተው ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እናቴ ትሪውን ይዛ መጣች። “አንድ ዳቦ ተርፏል። ማን ነው ያልበላው?” አለችኝ። ኮምፒውተሩን አየሁ። ልጆቹ ጣታቸው ላይ የሚያስሩት ትንሽ ቺፕ ሲመለሱ ይነበባል፤ የተነበበው 22 ነበር። የቀረችው የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀራትም።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተጻፈ ቅደም ተከተል አለን። መጀመሪያ መኪና ማቆሚያው ይታያል፣ ወላጅ ይጠየቃል፤ አንዳንድ ልጅ ተሰላችቶ በቀጥታ ወደ መኪና ይሄዳልና። ለዚህ ነው “ብታቋርጡም በመጨረሻው ጠረጴዛ ሳታልፉ አትሂዱ” የሚለውን ሕግ ለማንም የማናላላው። ልጅቷ መኪናው ጋ አልነበረችም። አንዱ ጓደኛችን መስመሩን ተከትሎ ወደ ጫካው ገባ። ሌላው በብስክሌት ጫካውን የሚያዋስነውን አስፋልት ይዞ ሄደ። እኔ ከጠረጴዛው አልተነሳሁም፤ ልጅቷ በራሷ ብትመጣ የሚቀበላት ሰው መኖር አለበት። እናትየው “አሥር ዓመቷ ነው እኮ!” እያለች ወዲያና ወዲህ ትላለች። እናቴ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ ግን እጇን አልለቀቀችም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ልጅቷ በአስፋልቱ በኩል መጣች፤ ባለብስክሌቱ አጠገቧ ብስክሌቱን እየገፋ ይራመዳል። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። እናትየው አቀፈቻት፣ ቀጥላም ተቆጣቻት፤ “ከእንግዲህ ብቻሽን አትገቢም!” አለች። ከክለባችን አባላት ዕድሜዋ ከ70 ያለፈ ጡረታ የወጣች መምህርት አለች። እሷ ምንም ሳትል ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ልጅቷን “የት የት እንደሄድሽ አሳዪን” አለቻት።

ልጅቷ በጭቃማ ጣቷ አሳየች። አንድ መታጠፊያ አልፋለች። ስትደነግጥ ቆመች። ከዚያ ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር አየች፤ ጅረት ነው። ጅረቱ ወደ ታች ወርዶ አስፋልቱን ይነካል፤ አስፋልቱ ደግሞ ወደ እኛ ያመጣል። ባለብስክሌቱ ያገኛት አስፋልቱ ላይ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ስትራመድ ነው። እናትየው ካርታውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ረቡዕ አልመጡም። በሦስተኛው መጡ፤ እናትየው ጥላ ሆና ከኋላ ሄደች።

ማታ ቤት ስንገባ እናቴ፣ “እኛም በግ ስንፈልግ ከመሸብን ወንዙን ይዘን ነበር የምንወርደው። ግን እናቴ ደጅ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ብዙም አልፈራም” አለችኝ። ስንት ዓመት ካርታ ስሰቅልና ስቆጥር ኖሬ፣ የምንሠራውን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። መስመር የሚነድፈው፣ ምልክቱን ደግሞ የሚያረጋግጠው፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው፣ ሁሉም ልጁ ብቻውን እንዲሄድ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ልጅን ብቻውን ልቀቁት ለማለት አልደፍርም። መኪናው ብዙ ነው፣ ሰፈሩም እየተለወጠ ነው። ጥላ ለመሆን ግን ጫካ አያስፈልግም። እኛ ከጥንትም በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የምንመራ ሰዎች አይደለንም፤ “ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት” ነው የምንለው። ከቤት እስከ ሱቁ፣ ወይም እስከ አክስት ቤት ያለውን መንገድ ልጁ ወረቀት ላይ ይሣለው፤ ወፍጮ ቤቱንም ድልድዩንም ራሱ ያስገባ። ከዚያ እሱ ይምራ፣ እናንተ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሁኑ። መንገድ ማቋረጥ ሲሆን ብቻ ቅረቡ። ቢሳሳት ወዲያው አትጥሩት፤ ቆሞ እስኪያስብ ጠብቁት። ቢጠፋ የት ቆሞ እንደሚጠብቃችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ለዚህ ሥራ ደግሞ አያቶችን የሚያህል የለም። እርምጃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ጊዜ አላቸው፣ ድሮ በዚያ ቦታ ምን እንደነበረም ያውቃሉ። ልጄ ዛሬም ስለ አያቱ ሲያወራ የሚያነሳው ከስቶክሆልም ጫካ ጫፍ እስከ ቤታችን ድረስ እሱ እየመራ ያመጣትን ቀን ነው። መንገዱን አስቀድማ ታውቀው እንደነበር አልነገርኩትም።