በዌምብሌ ሜዳ፦ በኢትዮጵያ ስም የተዘፈነበት ቀን

በሎንዶን ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል ዌምብሌ የሚባል ሰፈር አለ። ከዌምብሌ ፓርክ የባቡር ጣቢያ ወርዶ ሰፊውንና ቀጥ ያለውን መንገድ የያዘ ሰው ጥቂት እንደ ተራመደ ታላቁን ስታዲየም ከፊት ለፊቱ ያገኘዋል። ዛሬ የሚታየው፣ ከ130 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የብረት ቀስት ከላዩ የተዘረጋበትና 90 ሺህ ሰው የሚያስቀምጠው ሕንፃ በ2007 የተከፈተ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ በፊት በዚያው ቦታ በ1923 የተከፈተው፣ በሁለቱ ነጫጭ ማማዎቹ የታወቀው አሮጌው ስታዲየም ነበር። የ1948ቱ ኦሊምፒክ የተደረገው፣ እንግሊዝም በ1966 የዓለምን ዋንጫ ያነሣችው በእርሱ ነው።

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ከዚያ ሲደርስ ሌላ ቀን ያስታውሳል። ይህም ቅዳሜ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን 72 ሺህ ያህል ሕዝብ ስመ ጥሩ የሮክ ሙዚቀኞችን ለመስማት በዚህ ሜዳ ተሰበሰበ።

ነገሩ የተጀመረው ከኮረም ነው። በኦክቶበር 1984 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ፎቶግራፍ አንሺው መሐመድ አሚን በኮረም የተጠለለውን የተራበ ሕዝብ ለዓለም አሳዩ። ይህን በቴሌቪዥን የተመለከተው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ አንድ ሸክላ አስቀረጸ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአንድ ቀን በሎንዶንና በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ «ላይቭ ኤይድ» የተባለውን ትልቅ የሙዚቃ ትርዒት አዘጋጀ።

የዌምብሌ መግቢያ ቲኬት 25 ፓውንድ ነበር። ከዚህ ውስጥ አምስቱ ለትርዒቱ፣ ሃያው ለተራቡት የሚሰጥ ነው። ለተማሪና ለጀማሪ የቢሮ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ልክ በቀትር የንጉሣዊው ዘብ መለከተኞች መለከት ነፉ፤ ወዲያውም ስታተስ ኩዎ የተባለው ባንድ ትርዒቱን ከፈተ። ብዙ ባንዶች በአንድ ቀን ሲጫወቱ ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። አንዱ መሣሪያውን ነቅሎ ሌላው እስኪተክል ድረስ ሕዝቡ ይሰለቻል። ስለዚህ ለሦስት የተከፈለ ተሽከርካሪ መድረክ ተሠራ፤ አንዱ ባንድ ፊት ለፊት ሲጫወት ሌላው ከበስተኋላ ይዘጋጃል፣ ሦስተኛው ዕቃውን ያነሣል። ለእያንዳንዱ ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ተመደበለት፤ ሰዓቱን የሚያስታውሱትም በመድረኩ ላይ እንደ መንገድ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበሩ መብራቶች ነበሩ።

ወደ እንዲህ ያለ ትርዒት የሚሄድ አድናቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለአንዱ ባንድ ብሎ ነው። የቀሩትን ቆሞ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሲመለስ ልቡ ካልጠበቀው ጋር ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በዚያ ቀንም እንዲሁ ሆነ። የዩ ቱ ዘፋኝ ቦኖ አንዱን ዘፈን 12 ደቂቃ ያህል አርዝሞ፣ ከመድረክ ወርዶ ከተመልካቾች መካከል ካንዲት ወጣት ጋር ጨፈረ፤ ስለዚህም ሦስተኛው ዘፈናቸው ሳይዘፈን ቀረ። ሆኖም ዝናቸው በዓለም እንዲሰፋ ያደረገው ይኸው ነበር። አመሻሹ ላይ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ኩዊን ወጡ። ፍሬዲ ሜርኩሪ አንድ ድምፅ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ሲጥል ሕዝቡ ተቀብሎ ይመልስለታል፤ ሲያጨበጭብም ሜዳው ሁሉ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ አብሮ ያጨበጭባል። 21 ደቂቃ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን የድምፅ ማጉያው ሁለት ደቂቃ ያህል አልሠራ አለ፤ ሕዝቡ ግን ዘፈኑን ራሱ ተቀብሎ ያዘለት።

ይህ ሁሉ ጩኸት አንድ ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር። ዴቪድ ቦዊ ካሰናዳቸው ዘፈኖች አንዱን ትቶ በምትኩ የካናዳ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ያነሣው አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ይዘል የነበረው ወጣት የተራቡ ሕፃናትን አይቶ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ስጦታው ጎረፈ፤ በጠቅላላው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ተሰበሰበ ይነገራል።

ይህን ስናስብ ሁለት ነገር ሊሰማን ይገባል። አንደኛው ምስጋና ነው። ኮረም በየት በኩል እንዳለች የማያውቅ ወጣት ከኪሱ ሃያ ፓውንድ አውጥቶ መስጠቱ ሊረሳ አይገባም። ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ለተመልካቹ የታየው ድርቁ እንጂ በሰሜን የነበረው ጦርነትና የደርግ መንግሥት ሥራ አልነበረም። ረኀቡ ሲብስ መንግሥቱ በሴፕቴምበር 1984 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በብዙ ወጪ አክብሮ ነበር፤ የሰፈራውን ግዳጅ የተቃወመው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር የፈረንሳይ ክፍልም በዲሴምበር 1985 ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። ሕዝብ የሚያዝነው በታየው ነው፤ ያልታየውን ሊጠይቅ አይችልም።

በዚያ መድረክ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ አልቆመም። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ባንዶች የሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ ይጫወቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1986 አንድ የቤልጅግ ሸክላ አሳታሚ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በአውሮፓ አወጣ፤ ስለ ራሳችን በራሳችን ድምፅ የተናገረውን ሸክላ የገዛው ሰው ግን በዌምብሌ ከተሰበሰበው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነበር።

አሮጌው ስታዲየም በ2003 ፈርሶ አልቋል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሎንዶን የሚሄድ ወጣት ግን አንድ ቀን በዚያ ሰፊ መንገድ ቢራመድ መልካም ነው። እንግሊዛዊ ጓደኛው ስለዚያ ቀን ያነሣበት እንደ ሆነ ስለ ስጦታው ያመስግን፤ ከዚያም ያልታየውን አንድ በአንድ ይንገረው፤ የማሕሙድንም ዘፈን ያስደምጠው።