ሁለት ጥንድ ቸርኬ

ከሱቁ ግድግዳ ሁለት ጥንድ ቸርኬዎች ተደግፈው ነበር። አንደኛው የካርቦን ነው፤ ጥልቀቱ 50 ሚሊሜትር፣ በሜዳ ነፋስን ሰንጥቆ የሚያልፍ። ሌላው ከሲታ የአሉሚኒየም ቸርኬ፤ 32 ራጂ የተወጠረበት፣ ለዓይን የማይሞላ።

ልቤ ወደ ውበቱ አደላ። እጄ ግን የእንጦጦን ቁልቁለት አስታወሰ። የእኔ ብስክሌት ፍሬን የሚነክሰው ቸርኬውን ራሱን ነው፤ ስወርድ የምገታው ፍጥነት ሁሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ያርፋል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ፈጥኖ ለነፋስ ያስረክባል፤ ካርቦን ግን አምቆ ይይዘዋል፤ እጅግ ሲግል ሊጣመም ይችላል። ጥልቁን ቸርኬ ደግሞ የጎን ነፋስ ይገፋዋል።

እናቴ ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ «ፈጥነህ ድረስ» ብላኝ አታውቅም፤ «በሰላም ግባ» እንጂ።

ከሲታውን አነሳሁ።