ማነው የመታህ?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ላሊበላ አስጎብኚ ነው፣ ደውሎ በሳቅ ገደለኝ። እንግዳው ጠዋት «ማታ ሐመርድ ነበርኩ» ቢለው በመዶሻ የተመታ መስሎት «ማነው የመታህ? ፖሊስ ልጥራ?» አለው። ለካ የመታው ጠጅ ነው!

ልጆች፣ እንግሊዝኛ ለስካር ያለው ቃል ተቆጥሮ አያልቅም። ሞቅ ያለው «ቲፕሲ» ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን «ዌስትድ»፣ «ሐመርድ»፤ በነጋታው ራስ የሚፈልጠው «ሃንግኦቨር»። ጠጅን «ሃኒ ዋይን» ትሉታላችሁ፣ ችግር የለውም፤ ግን «ሚድ» የሚባል ጥንታዊ ስም አለው። ስሟ ከንብ ጋር በሚነሳ ከተማ እየኖራችሁ እሱን ማወቅ አይከፋም። ጠላን ግን ዝም ብላችሁ «ቢራ» አትበሉት። ጌሾውን ንገሯቸው፣ ጉሹንና ቅራሪውን ለዩላቸው። አረቄ «ስፒሪት» ነው፤ መንፈስም «ስፒሪት» ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተጠንቀቁ (ቂቂቂ)።

አንድ ቃል ግን አያስቀኝም። በ2012 በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ እንግዳ ሲጠፋ አረቄ ቤት ውለው የቀሩ ልጆች አሉን። «ሰካራም» እንላቸዋለን። ይሄ ቃል አንዴ ከተለጠፈ ልጁ መጠጡን ቢተው እንኳ አይለቀውም። እንግሊዝኛው «ሪከቨሪንግ» ይላል፣ እያገገመ ያለ እንደማለት። እኛም እኮ «አገገመ» አለን፤ ከታይፎይድ ለተነሳ ብቻ አስቀመጥነው እንጂ።

አሁን መንገድ ላይ ሳገኛቸው «እንዴት ነህ፣ እያገገምክ ነው?» እላለሁ። ባለፈው አንዱ ፈገግ ብሎ «እየሞከርኩ ነው ቲቸር» አለኝ።