ቀዩ እስክሪብቶ ወደ እኔ ሲዞር

ከሦስት ወር በፊት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አሁን እሷም እንደ እኔ አማርኛ ታስተምራለች። "ቲቸር፣ ስለ ተውላጠ ስም የጻፉትን ማስታወሻ ለልጆቹ ላሳያቸው ብዬ ጉግል ላይ ፈለግኩት፤ የለም። አጠፉት እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አለ! እኔ በየቀኑ ነው የምከፍተው" አልኳት።

አልዋሸሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የክፍል ማስታወሻዎቼን እየተየብኩ ድረ ገጽ ላይ ስጭን ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። አርባ ምናምን ደርሰዋል። በኮምፒውተሬ የአድራሻውን ሁለት ፊደል ስነካ ሳይቱ ከተፍ ይላል። ጉግል ነው ያገኘልኝ እያልኩ ስኮራ ከረምኩ። ለካ ያስታወሰልኝ ጉግል ሳይሆን የራሴ ብራውዘር ነው! በየቀኑ የምሄድበትን መንገድ ለምዶታል።

ትንሹ ልጄን ጠራሁት። "አባዬ፣ መፈለጊያው ላይ 'ሳይት' የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ፤ ሁለት ነጥብ አድርግና ቦታ ሳትተው የሳይትህን አድራሻ አስከትል" አለኝ። እንዲህ ሲጻፍ ጉግል ከዚያ ሳይት የመዘገባቸውን ገጾች ብቻ ያወጣል። ጻፍኩ። አንድም ገጽ የለም።

ምክንያቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሳይቱን ገና ስሠራ፣ ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ብዬ፣ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የምትከለክል አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ከዚያ ረሳኋት። በሬ ላይ "መግባት ክልክል ነው" ብዬ ለጥፌ፣ እንግዳ ቀረብኝ ብዬ ስቀየም ነበር ማለት ነው።

ምልክቷን አነሳን። ልጄ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል መሣሪያም ከፈተልኝ። በነጻ ነው፤ ሳይቱ የራሳችሁ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ገጻችሁ በፍለጋ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ደግሞም ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ሲፈልጉ እንደታየ ይዘረዝራል።

ከሳምንታት በኋላ ያንን ዝርዝር ሳየው ደነገጥኩ። የእኔ ገጾች ርዕሳቸው "ማስታወሻ 7"፣ "ምዕራፍ 3 ክፍል ለ" ነው። ሰው የሚጽፈው ግን "ተውላጠ ስም ምንድን ነው" ብሎ ነው። ከእኔ በቀር ማን "ማስታወሻ 7" ብሎ ይፈልጋል?

የፊደሉ ነገር ደግሞ ባሰ። "ሥነ ጽሑፍ" የሚለውን ውሰዱ። ሥ በሁለት፣ ጽ በሁለት፣ ሑ በሦስት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ሲባዛ 12 ነው። ቃሉን ገጥሞ የሚጽፍም ስላለ 24 ይሆናል። ለጆሯችን ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሥ እና ስ ልክ እንደ በ እና ከ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፍለጋ ሞተሩ አንዳንዴ ገምቶ ያገናኛቸዋል፤ ሁልጊዜ ግን እንዳታምኑት። እኔ በጻፍኩበት ፊደል ሲፈለግ ገጼ ከላይ ይወጣል፤ "ስነ ፅሁፍ" ተብሎ ሲፈለግ ደግሞ ማንም ወርዶ የማያየው ሰላሳ ምናምነኛ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ደግሞ እንደዚያ ነው!

ዝርዝሩ የፈተና ወረቀት መሰለኝ። እጄ ቀይ እስክሪብቶ ፈለገ። ስንቶቻችሁን ነው በዚያች "ፅሁፍ" ግማሽ ነጥብ የቀነስኳችሁ! እነዚህ ሰዎች ግን እየተፈተኑ አይደለም። የሚያውቁትን ፊደል ይዘው በር እያንኳኩ ነው። የተፈተንኩት እኔ ነኝ፤ ወድቄያለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? 31 ዓመት የሰው ወረቀት ሳርም ኖሬ የራሴን አንድ ቀን እንኳ አላረምኩም።

አጻጻፌን አልቀየርኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ አይሆንልኝም። ግን ርዕሶቹን ሰው በሚጠይቀው ዓይነት አስተካከልኩ። ከየርዕሱ ሥርም "እንዲህ ተጽፎም ይገኛል" ብዬ ሌሎቹን አጻጻፎች አስገባሁ። መጀመሪያ ላይ ሽንፈት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጥሩ ትምህርት ነው፤ የመጣው ልጅ የፈለገውን ያገኛል፣ እግረ መንገዱንም ሌላውን አጻጻፍ ያያል።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ልጅ መልእክት ላከችልኝ፦ "ቲቸር፣ ወጣ! በልጆቹ ስልክ ላይ ሦስተኛ ነው።"

ወዳጆቼ፣ ሱቅም ይሁን ማኅበር፣ ሳይት ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ሳይታችሁን ከፍቶ በማያውቅ ሰው ስልክ ፈልጉት። የሳይታችሁን ስም ሳይሆን ሰው ሊጠይቅ የሚችለውን ነገር ጻፉ።

የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ "ሥነ ጽሑፍ"ን በስልካችሁ ስትፈልጉ እንዴት እንደምትጽፉት ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ነጥብ አልቀንስም፤ ቃሌ ነው።